የናፍጣ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ የማርሽ አቀያየር ችግር ምርመራ

የናፍጣ ፒክአፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ምርመራ ማለት መኪናው ማርሽ ለመቀየር ሲያዘገይ፣ ሲቀይር ሲመታ፣ ማርሹ ሲንሸራተት ወይም በሁለት ማርሾች መካከል ሲመላለስ የብልሽቱን ምንጭ ደረጃ በደረጃ ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ሙሉ ጥገና ካምቢዮውን ከመኪናው ማውረድና እያንዳንዱን ክፍል መፍታት ስለሚጠይቅ ከፍተኛ ወጪና ጊዜ ይወስዳል። ይሁንና ካምቢዮው ከነጭራሹ የተበላሸ የሚያስመስሉ ብዙ ምልክቶች የሚመነጩት ከካምቢዮው ውጭ ነው፦ ከዘይት ማነስ፣ ከረገበ ኬብል፣ ከተበላሸ ዲናሞ ወይም ከላላ ሽቦ። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

ይህ መጣጥፍ በአሜሪካ የተሠራውንና የከሚንስ 5.9 ሊትር ሞተር ከ47አርኢ ካምቢዮ ጋር የተገጠመለትን ዶጅ ራም ፒክአፕ እንደ ምሳሌ ይወስዳል። በዚህ ካምቢዮ ውስጥ የሥራው ከፊል በዘይት ግፊትና በኬብል፣ ከፊሉ ደግሞ በኮምፒዩተር ስለሚመራ ሁለቱንም የብልሽት ዓይነቶች ለማሳየት ይመቻል።

ስያሜ

በአማርኛ የተለመዱት «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ላይ ፍሪሲዮን የሚባለው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው በግራ እግር የሚረገጠው ክፍል ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኖቹ ብዙ ናቸው፤ በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የተደራረቡ ሸራዎችና የብረት ሳህኖች ሲሆኑ ሁሉም በካምቢዮው ውስጥ ይገኛሉ።

ታሪክ

ክራይስለር ኩባንያ የከሚንስን ባለ ስድስት ሲሊንደር 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር በዶጅ ራም ፒክአፕ ላይ መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል ነው። ሞተሩ ያኔ 160 የፈረስ ጉልበትና ወደ 542 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። የፈረስ ጉልበቱ ብዙ ባይሆንም የመጠምዘዝ ኃይሉ የሚገኘው ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሆነ በካምቢዮው ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው።

አብሮት በመጀመሪያ የተገጠመው አውቶማቲክ ካምቢዮ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ባለ ሦስት ማርሹ ኤ727 ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጀርባው ኦቨርድራይቭ የሚባል፣ አራተኛ ማርሽ የሚሰጥ ክፍል ተጨመረበት። ከዚህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1994 47አርኤች፣ በ1996 47አርኢ፣ በ2003 ደግሞ 48አርኢ ተከታትለው ወጡ። ከ2007 ጀምሮ ባለ ስድስት ማርሹ 68አርኤፍኢ ተካቸው። በስሙ ውስጥ 4 የወደፊት ማርሾችን ብዛት፣ 7 የአቅም ደረጃን፣ «አር» የኋላ ጎማ መንዳቱን ያመለክታል። «ኤች» ገቨርነሩ በሃይድሮሊክ፣ «ኢ» ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሩን ያሳያል።

አሠራር

ከሞተሩ ቀጥሎ የሚገኘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ይህ በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ሲሆን የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ መሥራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዘይት እንደ ብረት አጥብቆ ስለማይዝ ሁልጊዜ ጥቂት መንሸራተት አለ፤ መንሸራተቱም ሙቀት ይፈጥራል። ይህንን ለማስቀረት በኮንቨርተሩ ውስጥ መቆለፊያ ፍሪሲዮን አለ። መኪናው በተረጋጋ ፍጥነት ሲጓዝ ኮምፒዩተሩ ይህን ፍሪሲዮን ያጠብቀውና ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ይዞራሉ።

ከኮንቨርተሩ በስተጀርባ ፕላኔታሪ የሚባሉ የጥርስ ስብስቦች አሉ። የትኛው ጥርስ እንዲዞር፣ የትኛው እንዲቆም የሚወስኑት ፍሪሲዮኖችና «ባንድ» የሚባሉ የብረት ቀበቶዎች ናቸው። በ47አርኢ በየማርሹ የሚሠሩት ዋና ዋና ክፍሎች እነዚህ ናቸው፤ «የፊት» እና «የኋላ» የሚለው በካምቢዮው ውስጥ ያሉበትን ቦታ ያመለክታል።

• አንደኛ ማርሽ፣ ዘንጉ ዲ ላይ ሲሆን (ምጣኔ 2.45)፦ የኋላ ፍሪሲዮንና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ፍሪሲዮን
• አንደኛ ማርሽ፣ ዘንጉ 1 ላይ ሲሆን፦ የኋላ ፍሪሲዮንና የኋላ ባንድ
• ሁለተኛ ማርሽ (1.45)፦ የኋላ ፍሪሲዮንና የፊት ባንድ
• ሦስተኛ ማርሽ (1.00)፦ የፊት ፍሪሲዮንና የኋላ ፍሪሲዮን
• አራተኛ ማርሽ (0.69)፦ የፊት ፍሪሲዮን፣ የኋላ ፍሪሲዮንና የኦቨርድራይቭ ፍሪሲዮን
• የኋሊት ማርሽ፦ የፊት ፍሪሲዮንና የኋላ ባንድ

ከእነዚህ ሌላ በኦቨርድራይቩ ክፍል ውስጥ በጠንካራ ሞላ ተጨምቆ የሚያዝ ዳይሬክት ፍሪሲዮን አለ። ይህ ፍሪሲዮን ለኋሊት ማርሽና መኪናው በሞተሩ ኃይል እንዲገታ ያስፈልጋል።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባሉት ማርሾች መቼ እንደሚቀየር የሚወስኑት ሁለት የዘይት ግፊቶች ናቸው። አንደኛው የስሮትል ግፊት ሲሆን አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን በረገጠ ቁጥር ይጨምራል። ሁለተኛው የገቨርነር ግፊት ሲሆን መኪናው በፈጠነ ቁጥር ይጨምራል። ሁለቱ ግፊቶች ማርሽ የሚቀይሩትን ቫልቮች ከሁለት ጫፍ ይገፋሉ። የገቨርነሩ ሲያይል ማርሹ ከፍ ይላል፤ የስሮትሉ ሲያይል ማርሹ ባለበት ይቆያል ወይም ዝቅ ይላል። ወደ አራተኛ ማርሽ መግባትንና የኮንቨርተሩን መቆለፍ ግን ኮምፒዩተሩ በሶሌኖይድ ያዛል።

የናፍጣ ሞተር እዚህ ላይ የራሱ ባሕርይ አለው። የቤንዚን ሞተር አየር ማስገቢያው በስሮትል ስለሚዘጋ በውስጡ የአየር ክፍተት ግፊት ይፈጠራል፤ የቆዩ ካምቢዮዎችም የሞተሩን ጫና የሚያውቁት ከዚህ ነበር። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ላይ እንዲህ ያለ ስሮትል ስለሌለ ምልክቱ የሚመጣው ከነዳጅ መስጫው ጋር በተያያዘ ኬብል ነው። የኬብሉ ልኬት ከተዛባ ካምቢዮው ስለ ሞተሩ ጫና የሚደርሰው መረጃ የተሳሳተ ይሆናል።

ምልክቶችን መለየት

ብዙ ጊዜ ምርመራ የሚሳሳተው ገና ከጅምሩ፣ አሽከርካሪው ችግሩን በሚገልጽበት ጊዜ ነው። ባለ አራት ማርሽ የሆነው 47አርኢ ከቆመበት ተነሥቶ በፍጥነት እስኪጓዝ ድረስ አራት ጊዜ የተቀየረ ይመስላል፦ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ፣ በመጨረሻም ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ። የመጨረሻው የማርሽ ለውጥ ባይሆንም ስሜቱ ተመሳሳይ ስለሆነ «አራተኛ ማርሽ ይገባል፣ ይወጣል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ የመቆለፊያው ችግር ሆኖ ይገኛል።

ሁለቱን ለመለየት የሞተሩን ዙር መቁጠሪያ ማየት ይበቃል። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲቀየር ምጣኔው ከ1.00 ወደ 0.69 ስለሚወርድ የሞተሩ ዙር በ31 ከመቶ ይቀንሳል፤ ለምሳሌ በደቂቃ 2000 ዙር የነበረው ወደ 1380 ይወርዳል። ኮንቨርተሩ ሲቆለፍ ግን ዙሩ የሚቀንሰው በጥቂት መቶዎች ብቻ ነው። ሌላው መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት እየተጓዙ ነዳጅ መስጫውን ሳይለቁ የፍሬን ፔዳሉን በጣም በቀስታ መንካት ነው። የፍሬን ማብሪያው ኮምፒዩተሩ መቆለፊያውን እንዲለቅ ስለሚያደርግ ዙሩ በትንሹ ከፍ ካለ መቆለፊያው ይዞ ነበር ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት የፍሬን ማብሪያው ከልኩ ወጥቶ ሁልጊዜ እንደተረገጠ የሚያሳይ ከሆነ መቆለፊያው ከነጭራሹ አይይዝም።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ዘይት

ሁሉም ምርመራ ከዘይቱ ይጀምራል። በዚህ ካምቢዮ የዘይቱ መጠን የሚለካው ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ እየሠራና የማርሽ ዘንጉ ኒውትራል (ኤን) ላይ ሆኖ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ የተለመደው ፓርክ (ፒ) ላይ መለካት ቢሆንም የክራይስለር የኋላ ጎማ ካምቢዮዎች ግን ፒ ላይ ሲሆኑ ዘይት ወደ ቶርክ ኮንቨርተሩ አይልኩም። በዚህ ምክንያት ፒ ላይ የሚነበበው መጠን ያሳስታል።

የዘይት ማነስም መብዛትም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ሲያንስ ፖምፓው ከዘይቱ ጋር አየር ይስባል። ሲበዛ የሚዞሩት ጥርሶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል። አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ተጨምቆ ስለሚቀንስ ፍሪሲዮኖቹን በሚገባ አጥብቆ መያዝ አይችልም።

የዘይቱ ዓይነትም ይታያል። ለእነዚህ ካምቢዮዎች አምራቹ ያዘዘው ኤቲኤፍ+3፣ በኋላም ኤቲኤፍ+4 የተባለውን ነው። የኤቲኤፍ+4 ቀይ ቀለም ቋሚ ስላልሆነና ሽታውም በአገልግሎት ብዛት ስለሚለወጥ የዘይቱ መጥቆር ብቻውን ካምቢዮው ለመቃጠሉ ማስረጃ አይሆንም። ወተት የመሰለ ሮዝ ቀለም ግን የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ወደ ካምቢዮው መግባቱን የሚያመለክት ከባድ ምልክት ነው። ውኃ የፍሪሲዮን ሸራዎችን ሙጫ ስለሚያለቅቅ እንዲህ ያለ መኪና መነዳት የለበትም።

መኪናው ሲያድር ብቻ ጠዋት ማርሽ ገብቶ ለጥቂት ሰከንዶች የማይንቀሳቀስ ከሆነ ቆሞ ሳለ ከኮንቨርተሩ ዘይት ወደ ታች ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን ኤን ላይ አድርጎ ሞተሩን ጥቂት ማሠራት ኮንቨርተሩን ስለሚሞላው፣ ከዚያ በኋላ ማርሹ በደንብ ከያዘ ችግሩ ከፍሪሲዮን መበላት ጋር አይገናኝም።

2. ኬብልና የማርሽ ዘንግ

የስሮትል ኬብሉ ከረገበ ካምቢዮው ሞተሩ ብዙ ጫና እንደሌለበት አድርጎ ያስባል። ማርሾቹ ቶሎ ቶሎና በለስላሳው ይቀየራሉ። አሽከርካሪው ይህን ምቾት ብሎ ሊወደው ይችላል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ግፊት የተያዙት ሸራዎች ከናፍጣው ሞተር ጉልበት በታች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ኬብሉ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ማርሾቹ ዘግይተውና እየመቱ ይቀየራሉ። ስለዚህ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅና እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ኬብሉ ሙሉ ጉዞውን አብሮ መሄዱ፣ ሳይያዝ መመለሱና ልኬቱ በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆኑ ይታያል።

የማርሽ ዘንጉ ማያያዣም እንዲሁ ይፈተሻል። ዘንጉ ዲ እያሳየ በካምቢዮው ውስጥ ያለው ቫልቭ በሁለት ቦታዎች መካከል ከቆመ ግፊቱ ይቀንስና መንሸራተት ይመጣል።

3. ኤሌክትሪክ

የኮምፒዩተሩን የብልሽት ኮዶች ማንበብ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ከ47አርኢ ጋር ከሚገናኙት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

• ፒ0740፦ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ እንደታዘዘው አለመሥራቱ
• ፒ0748፦ የገቨርነር ግፊት ሶሌኖይድ የሽቦ መስመር ችግር
• ፒ1756፦ የገቨርነር ግፊት ከታዘዘው ጋር አለመመሳሰሉ
• ፒ1757፦ መኪናው ቆሞ ሳለ የገቨርነር ግፊት ከ3 ፒኤስአይ በላይ መሆኑ
• ከፒ1762 እስከ ፒ1764፦ የገቨርነር ግፊት ሴንሰር ችግር

ኮድ የሚያመለክተው የችግሩን አቅጣጫ እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም። ፒ1756 ሲታይ ሴንሰሩ፣ ሶሌኖይዱ፣ ሽቦው ወይም በቫልቩ መንገድ ላይ የተቀረቀረ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩና ሶሌኖይዱ በካምቢዮው ሥር ባለው የዘይት መያዣ ውስጥ ስለሚገኙ ካምቢዮውን ሳያወርዱ መቀየር ይቻላል።

መኪናው ሁልጊዜ በሦስተኛ ማርሽ የሚነሳና በጣም የሚሰንፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ብልሽት አይቶ የካምቢዮውን ኤሌክትሪክ አቋርጧል ማለት ነው። ኃይል ያጣው የገቨርነር ሶሌኖይድ ሙሉ ግፊት ስለሚለቅ ቫልቮቹ ወደ ሦስተኛ ይገፋሉ። ፊውዝ፣ ሪሌይና የካምቢዮው የሽቦ መገናኛ በመጀመሪያ ይታያሉ።

መቆለፊያው በተረጋጋ ፍጥነት ላይ በየጥቂት ሰከንዱ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ። አንደኛው የነዳጅ መስጫውን ቦታ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሴንሰር ነው። አሽከርካሪው እግሩን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ ስለሚያቆየው የሴንሰሩ መንገድ እዚያው ላይ ይበላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ፔዳሉ በዝግታ ሲረገጥ ቮልቱ ያለማቋረጥ እያደገ መሄድ አለበት። መሐል ላይ ከዘለለ ወይም ከወደቀ ሴንሰሩ ተበልቷል።

ሁለተኛው ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) ሲሆን ወደ ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) የሚለውጡት በውስጡ ያሉ ዳዮዶች ናቸው። ከዳዮዶቹ አንዱ ሲበላሽ ባትሪው መሞላቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ተለዋዋጭ ጅረት ወደ ሽቦዎቹ እያመለጠ የሴንሰሮቹን ምልክት ያውካል። ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራና መብራቶች በርተው የቮልት መለኪያው ኤሲ ላይ ሆኖ የባትሪው ጫፎች ይለካሉ። ንባቡ ከ0.1 ቮልት ካለፈ ዳዮዶቹ ይጠረጠራሉ። ለማረጋገጥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የዲናሞው አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሶኬት ይነቀልና መኪናው በባትሪ ብቻ ለአጭር ርቀት ይነዳል። ምልክቱ ከጠፋ ምንጩ ዲናሞው ነው።

4. የመንገድ ሙከራና የማስወገድ ዘዴ

ዘይቱ፣ ኬብሉና ኤሌክትሪኩ ደህና ሆነው ማርሹ አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ በአሠራር ክፍል የቀረበው ዝርዝር ጠቃሚ ይሆናል። አንድ ክፍል በሁለት ማርሾች የሚሠራ ከሆነና ከሁለቱ አንዱ ደህና ከያዘ ያ ክፍል ነፃ ነው። በሁለቱም ከተንሸራተተ ይጠረጠራል።

• በወደፊት ማርሾች ሁሉ ተንሸራትቶ የኋሊት ማርሹ ደህና ከሆነ የኋላ ፍሪሲዮን
• በሦስተኛና በኋሊት ማርሽ ከተንሸራተተ የፊት ፍሪሲዮን
• በሁለተኛ ብቻ ከተንሸራተተ የፊት ባንድ
• በአራተኛ ብቻ ከተንሸራተተ የኦቨርድራይቭ ፍሪሲዮን
• ዲ ላይ በአንደኛ ተንሸራትቶ ዘንጉ 1 ላይ ሲሆን ደህና ከያዘ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞረው ፍሪሲዮን
• ዘንጉ ኤን ላይ ሆኖ መኪናው ወደ ፊት ከሄደ ተጣብቆ የቀረ የኋላ ፍሪሲዮን
• በየትኛውም ማርሽ ካልሄደ ፖምፓው፣ የዘይት ማጣሪያው ወይም ቶርክ ኮንቨርተሩ

የኋሊት ማርሹ ብቻውን ሲንሸራተት ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀራሉ፦ የኋላ ባንድና ዳይሬክት ፍሪሲዮን። ሁለቱን ለመለየት ዘንጉ 2 ላይ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ይለቀቃል። ሞተሩ መኪናውን ከገታ ዳይሬክት ፍሪሲዮኑ ይሠራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ባንዱ ይሄዳል። የፊት ባንዱ ማስተካከያ ከካምቢዮው ውጭ ስለሚገኝ ሳይፈታ ይስተካከላል፤ የኋላውን ለማግኘት ግን የዘይት መያዣው መውረድ አለበት።

5. የግፊት ልኬት

የማስወገድ ዘዴው የሚጠረጠረውን ክፍል ቢያሳይም ክፍሉ የተንሸራተተው ሸራው አልቆ ይሁን ወይስ ግፊት አንሶት አይናገርም። ይህንን የሚለየው የግፊት መለኪያ ነው። በካምቢዮው አካል ላይ ለዚሁ የተዘጋጁ በብሎን የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ። በአምራቹ መመሪያ መሠረት ዘንጉ 1 ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ላይ ሆኖ፣ የካምቢዮው የስሮትል ክንድ ሳይሳብ ዋናው ግፊት ከ54 እስከ 60 ፒኤስአይ መሆን አለበት። ክንዱ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ቀስ በቀስ ከ90 እስከ 96 ይደርሳል። የኋሊት ማርሽ ግፊት ከዚህ በብዙ ስለሚበልጥ እስከ 300 ፒኤስአይ የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል።

የገቨርነር ግፊት መኪናው ሲቆም ወደ ዜሮ መጠጋት፣ ሲጓዝ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ማደግ አለበት። በሰዓት አንድ ማይል ፍጥነት ለአንድ ፒኤስአይ ግምታዊ መለኪያ ነው፤ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 30 ፒኤስአይ ይጠበቃል። መኪናው ቆሞ ግፊቱ ካልወረደ ማርሹ ወደ አንደኛ አይመለስም። ከፍጥነቱ ጋር ካላደገ ደግሞ ማርሹ ከፍ አይልም።

ግፊቱ በሁሉም ማርሾች ዝቅተኛ ከሆነ ማጣሪያው፣ ፖምፓው ወይም ግፊት የሚቆጣጠረው ቫልቭ ይታያል። በአንድ ማርሽ ብቻ ዝቅ ካለ በዚያ ማርሽ መስመር ላይ የሚያፈስ ማኅተም አለ። ግፊቱ ትክክል ሆኖ መንሸራተቱ ከቀጠለ ሸራው አልቋል።

6. የዘይት መያዣውን ማውረድ

መያዣው ሲወርድ ከሥሩ የተገኘው ዝቃጭ ብዙ ይናገራል። በጣም የላመ ግራጫ ዝቃጭ ጥቂት ከሆነ የተለመደ አገልግሎት ውጤት ነው። ብዙ ጥቁር ብናኝ የሸራ መቃጠልን፣ የነሐስ ቀለም ያለው ፍርፋሪ የቡሽ መበላትን፣ የብረት ስባሪ ደግሞ የጥርስ ወይም የኩሽኔታ መሰበርን ያሳያል። ቫልቮቹ ያሉበት ሳጥን ሲወርድም በዘይት መንገዶቹ የታመቀ አየር በመስጠት ፍሪሲዮኖቹና ባንዶቹ መንቀሳቀሳቸውን መፈተሽ ይቻላል። ጤነኛ ክፍል «ዱብ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ የተቀደደ ማኅተም ያለው ደግሞ አየሩን ያፏጫል።

የምርመራ ምሳሌ

ተጎታች የሚስብ አንድ ፒክአፕ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ በ250 ገደማ እየወጣ እየወረደ ያስቸግራል እንበል። ቸኩሎ የሚመረምር ሰው የአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን አልቋል ብሎ ካምቢዮው እንዲወርድ ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን ለውጡ የአራተኛ ማርሽ ቢሆን ኖሮ ዙሩ በ31 ከመቶ መለወጥ ነበረበት። 250 ዙር የመቆለፊያው ምልክት ነው። ፍሪሲዮኑ አልቆ ቢሆን ደግሞ የሚንሸራተተው ዳገት ላይ ጫና ሲበዛ እንጂ በተረጋጋ ጉዞ በየጥቂት ሰከንዱ እየያዘና እየለቀቀ አይደለም። ስለዚህ የሚቀጥለው እርምጃ የዲናሞውንና የነዳጅ መስጫውን ሴንሰር መለካት ነው፤ ሁለቱም በቮልት መለኪያ በአጭር ጊዜ የሚሠሩ ናቸው።

ሌላ ፒክአፕ ደግሞ ጠዋት ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ከወጣ በኋላ አራተኛ ማርሽ አልገባ ይላል። ኮምፒዩተሩ ዘይቱ በጣም ሲግል ካምቢዮውን ለመጠበቅ ኦቨርድራይቩን ይከለክላል። ስለዚህ እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ዘይቱ በእርግጥ ግሏል ወይስ የሙቀት ሴንሰሩ ይዋሻል የሚለው ነው። በእርግጥ ከጋለ የዘይት ማቀዝቀዣው መደፈኑ፣ የጭነቱ ክብደትና መቆለፊያው መያዙ ይመረመራሉ። መቆለፊያው የማይዝ ኮንቨርተር ዳገት ላይ ዋናው የሙቀት ምንጭ ነው።

ጥንቃቄ

የቶርክ ኮንቨርተር ጫና ሙከራ (ስቶል) የሚባለው መኪናው በፍሬን ተይዞ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ የሚሰጥበት ሙከራ ነው። ከሚጠበቀው በላይ ዙር ከታየ መንሸራተት እንዳለ ያሳያል። የናፍጣ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ፍሬኑን ሊያሸንፍ ስለሚችል ሙከራው ሰው ከመኪናው ፊትና ኋላ ርቆ፣ ጎማዎቹ በኩኛ ተይዘው ብቻ ይደረጋል። ነዳጁ ከ5 ሰከንድ በላይ መሰጠት የለበትም፤ ከዚያም ዘይቱ እንዲቀዘቅዝ ሞተሩ ኤን ላይ ይሠራል። የሚያስጠረጥር መንሸራተት ቀድሞ ከታወቀ ሙከራው አያስፈልግም፤ የቀረውን ሸራ ያቃጥላል።

ማርሹ የሚንሸራተት መኪና ተጎታች ጭኖ መሄድ የለበትም። ቁልቁለት ላይ ማርሹ ከለቀቀ ሞተሩ መኪናውን መግታቱ ይቀርና ጭነቱ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ከጥገና በኋላ

ካምቢዮው ተፈትቶ ከታደሰ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቧንቧዎቹ አብረው መታጠብ አለባቸው፤ የቀድሞው ብናኝ እዚያ ከቀረ አዲሱን ካምቢዮ ያበላሻል። ሸራው የተቃጠለ ኮንቨርተርም አብሮ ይቀየራል። የስሮትል ኬብሉ እንደገና ይለካል፣ ኮዶቹ ይሰረዛሉ፣ ዘይቱም ከሞቀ በኋላ ኤን ላይ እንደገና ይታያል። በመጨረሻም መኪናው ቀድሞ ችግሩ በታየበት ፍጥነትና ጭነት ይነዳል። ለመጀመሪያው ብልሽት ምክንያት የሆነው የረገበ ኬብል ወይም የተደፈነ ማቀዝቀዣ ካልተገኘ አዲሶቹ ሸራዎችም በዚያው መንገድ ያልቃሉ።